ወቅታዊ ሜኑ ምንድን ነው? የጾም ሜኑ ግን አይደለም

ሰሞኑን አንድ ስለ ምግብ ቤቶች የሚተነትን ሰው በሬዲዮ «ይኼ ወቅታዊ ሜኑ የሚሉት ነገር አዲስ አይደለም፤ የጾምና የፍስክ ሜኑ ማለት ነው፤ እኛ ጋ ድሮም አለ» ሲል ሰማሁት። እሱ ብቻ ቢሆን ባለፍኩት ነበር። እንግዳውም እንዲሁ ይላል። አስተናጋጁም ይላል። የሆቴል ባለቤቱ ደግሞ ባነር ላይ ያጽፈዋል። እኔ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ካለ ኩሽና የምውል ሼፍ ነኝ። ዝም ማለት አቃተኝ።

የጾም ሜኑ የሚከተለው የበላተኛውን ቀን ነው። ወቅታዊ ሜኑ የመሬቱንና የውሃውን ቀን ይከተላል። ሁለቱ አልፎ አልፎ ይገናኛሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ይጣላሉ።

ዓሣን እንይ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ውስጥ ይውላል። ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ለሊቃውንቱ ልተወው። እኔ የማየው የትዕዛዝ ወረቀቱን ነው። ጾም ሲገባ የዓሣ ጎላሽ፣ የዓሣ ለብለብ፣ የዓሣ ኮተሌት፣ የዓሣ ዱለት ብቻ ይሆናል። ጣና ግን ጾም አይቆጥርም።

ነጭ ዓሣ የምንለው አንድ ዓሣ አይደለም። ብዙ ዝርያ አለው፤ አብዛኛው ደግሞ ከጣና በቀር ዓለም ላይ የትም የለም። ከእነዚህ ብዙዎቹ ክረምት ሲገባና ወንዞች ሲሞሉ እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭ ይወጣሉ። ከመውጣታቸው በፊት ወንዙ ሐይቁን ከሚገናኝበት አፍ ላይ ይከማቻሉ። እዚያ መረብ የዘረጋ ሰው በአንድ ሌሊት ጀልባ ይሞላል። ነሐሴና መስከረም ላይ አቅራቢው ደውሎ «ሼፍ፣ ዓሣ ሞልቷል፣ ዋጋውም ጥሩ ነው፣ ስንት ላምጣ?» የሚለኝ ለዚህ ነው።

ስለ ወቅታዊ ሜኑ ላይ ላዩን የሰማ ሰው «በዝቷላ፣ እንግዲህ ወቅቱ ነው» ብሎ ይገዛል። ትልቁ ስህተት ይኼ ነው። መብዛትና ወቅት አንድ አይደሉም። እንቁላሉን ሊጥል የሄደ ዓሣ ሳይጥል ከተያዘ የከርሞውን ዓሣ ነው የበላነው። የነጭ ዓሣ ቁጥር መመናመን ደግሞ ተመራማሪዎች ሲጮኹበት የኖሩት ጉዳይ ነው። ስለዚህ በእነዚያ ሳምንታት ነጭ ዓሣ ከሜኑዬ ይወጣል። እንግዳው በመስኮት ጣናን እያየ «ዓሣ የለም ትሉኛላችሁ?» ይላል። ይናደዳል፣ እውነቱን ነው። ግን ወቅታዊ ሜኑ ማለት ከሚገባው ይልቅ በሚወጣው የሚታወቅ ነገር ነው። ዓመቱን ሙሉ ምንም ነገር «የለም» የማይል ሜኑ ካያችሁ፣ ስሙ ምንም ይሁን፣ ወቅታዊ አይደለም።

ቅቤ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ሣር የሚለመልመው በክረምት ነው፤ ወተቱም ቅቤውም ጥሩ የሚሆነው ከዚያ ወዲህ፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ ነው። ዋጋው የሚረክሰው ግን ሰው ሲጾም ነው፤ ገዢ የለማ። እኔም በጾም ገዝቼ፣ በኮረሪማና በኮሰረት አንጥሬ አስቀምጣለሁ። ይኼ ብልጠት ነው እንጂ ወቅታዊነት አይደለም። ሁለቱን ለይቶ መናገር ያስፈልጋል፤ ሆቴሎች ርካሽ የገዙትን ሁሉ «ወቅታዊ» እያሉ ሲሸጡ አይቻለሁና።

ሁለቱ ቀኖች የሚገናኙት በፍልሰታ ነው። ከነሐሴ 1 እስከ 15። ያኔ የጎጃም ደጋ ድንች ይደርሳል፣ የሐበሻ ጎመን ይለመልማል፣ የበቆሎ እሸት ይጀምራል። ከእንጅባራ ዙሪያ የሚመጣ አዲስ ድንች ቆዳው በአውራ ጣት ሲገፉት ይላጣል፤ ቢላ አይፈልግም። ቀቅሎ፣ በኑግ ዘይትና በሚጥሚጣ ትኩሱን ማቅረብ ብቻ በቂ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ አዲስ ድንች ለጥብስ አይሆንም። ውሃው ብዙ ነው፤ ዘይት ውስጥ ይለሰልሳል እንጂ አይደርቅም። ሰው «የደረቀ ችፕስ» ሲያዝ የቆየውን ድንች ነው የማወጣለት። የተንታኙ ሐሳብ ለነዚያ 15 ቀናት ያህል ልክ ነው። ለቀሪው ዓመት ግን አይሠራም።

ጎጃም ነንና በቅኔ ላስረዳ። ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ያውቀዋል፤ የትናንት ቅኔ ዛሬ አይደገምም። ባለቅኔው በዓሉን አይቶ፣ ሰሞኑን አይቶ አዲስ ይዘርፋል። ግን ከመሬት ተነስቶ አይደለም። ጉባኤ ቃና የሚባለው የቅኔ ዓይነት ሁለት ቤት (ስንኝ) ነው፣ መወድስ የሚባለው ስምንት። ልኩ አይነካም፤ የሚለወጠው ቃሉ ነው። ኩሽናም እንዲሁ ነው። ልኩ የሼፉ እጅ ነው፦ ቁሌቱ፣ እሳቱ፣ ጨውና ቅመሙ። ቃሉን የሚሰጠው ገበያው ነው። ጀማሪ ተማሪ የሌላውን ቅኔ ሸምድዶ ቢያቀርብ መምህሩ ወዲያው ይይዘዋል፤ ቃሉና በዓሉ አይገጥሙማ። አዲስ አበባ ያለ ሆቴል ያወጣውን ሜኑ ቃል በቃል ቀድቶ ባሕር ዳር የሚለጥፍም እንደዚያው ይያዛል። የወር ስሙ ልክ ነው፣ ሳህኑ ግን ሌላ አገር ነው። ምሳሌው የሚያነክሰው አንድ ቦታ ላይ ነው። ባለቅኔ ቃል አያልቅበትም። እኔ ግን ቅዳሜ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ እንጉዳይ ያልቅብኛል።

እንጉዳይን ካነሳሁ አይቀር፦ የዱር እንጉዳይ በክረምት ይወጣል፣ ጣዕሙም ሌላ ነው። ነገር ግን የማያውቅ ሰው ፈጽሞ አይልቀም። የጅብ ጥላ ከሚበላው ጋር አንድ ሜዳ ላይ ይበቅላል፣ አንዳንዱም ይገድላል። ከልጅነቱ ሲለቅም ከኖረ ሰው ካልሆነ ኩሽናዬ አይገባም። ጥርጣሬ ካለኝ ይጣላል፣ ክርክር የለም።

ሌላው የሚያናድደኝ «ትኩስ» እና «ወቅታዊ» መምታታታቸው ነው። ነሐሴ ላይ ዛሬ የተለቀመ ቲማቲም ትኩስ ነው። ወቅታዊ ግን አይደለም። ዝናብ ሲደጋገም ተክሉን በሽታ ይመታዋል፣ ቅጠሉ ይጠቁራል፣ የተረፈውም ፍሬ ፀሐይ አላገኘም። ስትቆርጡት መሃሉ ነጭ ነው፤ ውሃው ጣውላው ላይ ይፈሳል። ይኸው ቲማቲም በበጋ፣ መራዊ አጠገብ ካለው ከቆጋ መስኖ ሲመጣ ሌላ ፍጥረት ነው። «ግን እኮ መስኖ ነው፣ የተፈጥሮ ወቅት አይደለም» የሚለኝ አይጠፋም። ትክክል። መስኖ ውሃውን ይለውጣል፤ ፀሐዩን ግን አይለውጥም። ለቲማቲም ደግሞ ፀሐዩ ነው ቁም ነገሩ።

«ወቅቶቹ አራት ናቸው፣ እናንተ በየወሩ ሜኑ የምትቀይሩት ለምንድን ነው?» የሚለውም ተደጋጋሚ ነው። በእኛ አቆጣጠር መፀው፣ በጋ፣ ጸደይ፣ ክረምት መሆናቸውን አውቃለሁ። ኩሽና ግን በዚያ አይገዛም። ኮፐንሃገን፣ ዴንማርክ የሚገኘው ኖማ የተባለ ምግብ ቤት ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዓመቱን ለሦስት ከፍሎ ሲሠራ ነበር፦ ብርዱ ሲበረታ የባሕር ምግብ፣ ሲሞቅ አትክልት፣ ቅጠል ሲረግፍ የዱርና የአደን። በርክሌይ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ በ1971 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የሼፍ አሊስ ዋተርስ ምግብ ቤት ሼ ፓኒስ ደግሞ ሜኑውን በየቀኑ ይለውጥ ነበር። ቁጥሩን የሚወስነው አካባቢው ነው።

የእኛ አካባቢ ደግሞ ጉደኛ ነው። ከደጀን ቁልቁል ሲወረድ የዓባይ በረሃ ታችኛው ክፍል ከባሕር ወለል በላይ 1,000 ሜትር ገደማ ነው። ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ባሕር ዳር መሃል ላይ፣ 1,800 ሜትር ገደማ። ስለዚህ «የጎጃም ወቅት» የሚባል አንድ ነገር የለም። ቆላው ማንጎና ሎሚ ሲልክ ደጋው ገና ገብስ ያሽታል። ጥሩ አቅራቢ ያለው ሼፍ በአንድ ሳህን ላይ ሁለት ወቅት ማቅረብ ይችላል፤ ማጭበርበር አይደለም፣ መልክዓ ምድሩ ነው።

ሥጋም ወቅት አለው፤ ሰው ይረሳዋል። ሐምሌ ላይ በሬው ከእርሻ ነው የመጣው፣ ጠንካራ ነው፤ ለወጥ እንጂ ለጥብስ አይሆንም። አዝመራ ተሰብስቦ ገለባ ከበላ በኋላ ያለው ሌላ ነው።

ደግሞ የተቀመጠ ሁሉ ከወቅት ውጭ ነው ማለት አይደለም። ጤፍ ጎተራ ይገባል። የፍኖተ ሰላም አካባቢ በርበሬ ደርቆ ዓመት ይቆያል። የኅዳር ማር ማሰሮ ውስጥ አለ። ቋንጣው ተሰቅሏል። ወቅቱን ጠብቆ የተቀመጠ ነገር ሐምሌ ላይ ሜኑ ውስጥ ቢገባ ቅር አይለኝም። ቅር የሚለኝ ዲፕ ፍሪዘር ውስጥ ስድስት ወር ያደረ ፊሌቶ «የዛሬ ዓሣ» ሲባል ነው።

ዋጋው ነው የቀረው። «የአካባቢ ድንች ከሆነ ለምን ይህን ያህል?» ትሉናላችሁ። ዕቃው በወቅቱ ርካሽ ሊሆን ይችላል፤ ሥራው ግን ርካሽ አይደለም። ሜኑ በተለወጠ ቁጥር ሠራተኛው እንደገና ይሠለጥናል፣ ልኬቱ እንደገና ይሠራል፣ የሚጣለው ይበዛል። እንዲያም ሆኖ በወቅታዊ ሜኑ ስም የሚጋነን ዋጋ አለ፤ አልክድም።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ቦታ ስትገቡ አስተናጋጁን «ምን አዲስ አለ?» አትበሉት። «በዚህ ሳምንት ምን ወጣ?» በሉት። ካፌዘ ወይም «ሁሉም አለ» ካላችሁ፣ መልሱን አገኛችሁ። «ነጭ ዓሣ የለም፣ የእሸት ወጥ ገብቷል፣ ድንቹ ከደጋ ነው» ካላችሁ ተቀመጡ። ዓሣ ካዘዛችሁ ሳይበለት አምጥቶ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ፤ ነውር አይደለም። ዓይኑ ጉልህ፣ ስንጥቡ ቀይ መሆን አለበት። ዓይኑ ገብቶ ነጭ ከለበሰ ሽሮ እዘዙ።