የሞተር ክዳን፦ ከኮፈን በታች ያለው ጥቁር ፕላስቲክ

የዛሬ መኪና ኮፈን ሲከፈት መጀመሪያ የሚታየው ሞተሩ ሳይሆን የሞተሩ ክዳን ነው። የቀደመው ትውልድ መካኒክ እጁን የፈታበት ኮሮላ ዲኤክስ ይህ ነገር አልነበረውም፤ ነዳጅና አየር የሚያቀላቅለው ካርቡራተሩ፣ የካንዴላ (የእሳት ብልጭታ ሰጪው) ገመዶቹ፣ ቺንጋው ሁሉ በግልጽ ይታዩ ነበር።

ካርቡራተር ነዳጅ በግፊት በሚረጨው ኢንጀክተር ሲተካ መልኩ ተለወጠ። ሽቦው በዛ፣ ሴንሰሩ በዛ፣ ብረት የነበረው የአየር ማስገቢያ ፕላስቲክ ሆነ። አምራቾች ይህን ዝብርቅርቅ ከገዢ ዓይን መሸፈናቸው እውነት ነው። ከዚህ ተነስቶ ክዳኑን ጌጥ ብቻ ማድረግ ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል።

ክዳኑን ገልብጦ ያየ ሰው ከበታቹ የተለጠፈ ስፖንጅ ያገኛል። ትልቁ ሥራው ድምፅ ማፈን ነው። ቤንዚንን በቀጥታ ወደ ሲሊንደር የሚረጩ አዳዲስ ሞተሮች ነዳጁን ከ150 እስከ 350 ባር በሚደርስ ግፊት ይገፋሉ፤ በፊተኛው የኢንጀክተር አሠራር ግፊቱ ከ3 ወይም ከ4 ባር ብዙ አይርቅም ነበር። በዚያ ግፊት የሚሠሩት ፓምፕና ኢንጀክተሮች ያለማቋረጥ ይንቀጫቀጫሉ፤ የናፍጣ ሞተር ድምፅማ ከዚህም ይብሳል። ክዳኑ ራሱ በመስታወት ክር ከተጠናከረ ናይለን ስለሚሠራ የሞተሩን ሙቀት ይችላል።

በአዳማ ጉዳዩን የሚያከብደው አቧራው ነው። በከተማዋ ዙሪያ የተተከሉት ሁለቱ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች በድምሩ 204 ሜጋ ዋት አቅም አላቸው፤ እነሱን የሚያዞረው ነፋስ በበጋ የመንገዱን አፈር እያነሳ ኮፈን ውስጥ ይከታል። ክዳኑ ይህንን አቧራ፣ በላቫጆም በግፊት የሚረጨውን ውኃ፣ ከካንዴላ ጉድጓዶችና ከሽቦ ማያያዣዎች ላይ በከፊል ይመልሳል። በከፊል ብቻ ነው፤ ከጎን የገባ አቧራ ከሥሩ ተጋግሮ ይቀመጣል።

ጥቁር ፕላስቲክ ሁሉ ክዳን አለመሆኑንም ማወቅ ይገባል። በብዙዎቹ ባለ 1.5 ሊትር ያሪሶች ሞተር ላይ የተጋደመው ሳጥን የአየር ማጣሪያው ቤት ነው። ማቀፊያዎቹ በወጉ ሳይገጥሙ ቢቀሩ ሞተሩ ያልተጣራ አየር ይስባል፤ አሸዋው የሲሊንደሩን ግድግዳ ይሞርዳል።

«ሙቀት ያፍናል» በሚል ክዳኑን አውልቀው የሚያስቀሩ አሉ። ሞተርን የሚያቀዘቅዘው ግን በራዲያተር የሚዞረው ውኃ ነው፤ ሞተሩ ከሞቀ ጥፋቱ የሚፈለገው እዚያ ነው። በክዳኑ ላይ ያለኝ እውነተኛ ቅሬታ ሌላ ነው፦ የዘይት ማፍሰስን ይደብቃል። ድሮ ባለቤቱ ጠዋት ኮፈን ከፍቶ የሚያያት እርጥብ ምልክት ዛሬ ከፕላስቲክ ሥር ተሰውራ ወራት ትቆያለች። ስለዚህ ዘይት በሚለካበት ቀን ክዳኑም ቢነሳ ጥሩ ነው። አብዛኛው ያለ መፍቻ ይወጣል፤ ጥጉን በሁለት እጅ ይዞ ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ መሳብ ይበቃል። ከሥሩ ያሉት ትንንሽ የጎማ መያዣዎች ክብ ራስ ካላቸው ችካሎች ላይ ጧ እያሉ ይላቀቃሉ። ያረጀ ጎማ ከሙቀት ደርቆ ይሰነጠቅና ችካሉ ላይ ይቀራል። በአዲስ መተካት አለበት፤ የላላ ክዳን ይንኳኳል፣ ተርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተር የሚያስገባ መሣሪያ) ባለው ሞተር ላይ ደግሞ ከጋለው ብረት ጋር ተነካክቶ ሊቀልጥ ይችላል።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ አንስቶ የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ስለከለከለች፣ ወደ አዳማ ጋራዦችም የኤሌክትሪክ መኪኖች መምጣታቸው አይቀርም። በእነሱም ኮፈን ሥር ሰፊ ፕላስቲክ ይታያል፤ ባለቤቱ የመስታወት መጥረጊያውን ውኃ ለመሙላት የሚከፍታት ክዳን አለችው። ብርቱካናማ ሽፋን ያላቸው ገመዶች ግን ከፍተኛ ቮልቴጅ ስለሚያስተላልፉ ለሠለጠነ ባለሙያ እጅ ይተዋሉ።