የምርመራ ጋዜጠኝነት በመሀል አዲስ አበባ

የምርመራ ጋዜጠኝነት የሚባለው አንድ አካል ተሸፍኖ እንዲቀር የሚፈልገውን ጥፋት በሰነድ፣ በምስክርና በመስክ ጉብኝት አጣርቶ ለሕዝብ የማቅረብ ሥራ ነው። በአዲስ አበባ የሥራው መልክዓ ምድር ጠባብ ነው። ፓርላማውና ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት አራት ኪሎ ላይ ይገኛሉ፤ አንጋፋው ዩኒቨርሲቲ ስድስት ኪሎ፣ የከፍተኛው ፍርድ ቤት ዋና ችሎቶች ደግሞ ልደታ ናቸው። ትጉህ ዘጋቢ በአንድ ቀን ሁሉንም ሊያዳርሳቸው ይችላል።

አጀማመር

የመጀመሪያው የአማርኛ ጋዜጣ «አእምሮ» በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ አንድሬአስ ካቫዲያስ በተባለ ግሪካዊ አማካይነት፣ መጀመሪያ በእጅ እየተጻፈ ይወጣ ነበር። የጀመረበትን ዓመት በተመለከተ ጽሑፎች አይስማሙም፤ በ1890ዎቹ መሆኑ ግን አያከራክርም። ብርሃንና ሰላም በ1914 ዓ.ም. ተቋቋመ። «አዲስ ዘመን» ጣሊያን በተባረረበት በ1933 ዓ.ም. መታተም ጀመረ። እነዚህ ጋዜጦች ለአገሪቱ የጽሑፍ ባህል የዋሉት ውለታ ተነግሮ የሚያልቅ አይደለም፤ ሹማምንትን መመርመር ግን ከተግባራቸው ውስጥ አልነበረም።

የወሎ ረሃብ፣ ከ1965 እስከ 1967

ስለ ምርመራ ሥራ በአዲስ አበባ ሲነገር ከሁሉም የተሻለ መረጃ ያለው ይህ ዘመን ነው። ረሃቡ ወሎን ሲያደርቅ የመንግሥት ጋዜጦች ዝም አሉ። ዝምታውን የሰበሩት ጋዜጠኞች ሳይሆኑ የያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ነበሩ። በ1965 ዓ.ም. ወሎ ድረስ ሄደው ፎቶግራፍና መረጃ ይዘው ተመለሱ፤ ምስሎቹም በዩኒቨርሲቲው ግቢ ለእይታ ቀረቡ። ቦታው ድረስ መሄድ፣ በዓይን ማየት፣ ማስረጃ መያዝ፣ ያዩትን ለሕዝብ ማሳየት፦ ጋዜጠኛ ሊሠራው የሚገባውን ሥራ ያን ጊዜ ስድስት ኪሎ ሠርቶታል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ረሃቡን የሚያሳይ ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን አቀረበ፤ ዓለምም ያን ጊዜ ነቃ። ፊልሙ ወደ አዲስ አበባ የተመለሰው ግን በሌላ መልክ ነው። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሲያሳየው በመጀመሪያው ቅጂ ያልነበሩ የቤተ መንግሥት ድግስ ምስሎች በረሃብተኞቹ ምስሎች መካከል ተሰክተውበት ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በማግሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ረሃቡም ድግሱም እውነት ነበሩ፤ አጣብቆ የቀጠላቸው መቀስ ግን የጋዜጠኛ ሳይሆን ሥልጣን ሊይዝ የተዘጋጀ ወገን ነበር። የሞቱት ሰዎች ቁጥር ዛሬም አከራካሪ ነው፤ ግምቶቹ ከ40 ሺህ እስከ 200 ሺህ ይደርሳሉ። በዚህ ርእስ የሚጽፍ ሰው አንዱን ቁጥር ብቻ መርጦ ማስፈር አይገባውም።

በዚያው ሰሞን የቀድሞ ባለሥልጣናትን ጥፋት እንዲያጣራ የተቋቋመ መርማሪ ኮሚሽን ነበር፤ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ከአባላቱ አንዱ ነበሩ። ኮሚሽኑ ሥራውን ሳይጨርስ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎች ያለ ፍርድ ተረሸኑ። 

በደርግ ዘመን ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት የሚደረገው ሳንሱር ቀጠለ።

ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ

የፕሬስ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 34/1985 ሳንሱርን አስቀረ፤ የግል ጋዜጦችም ፈሉ። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ብዙዎቹ ተዘጉ፣ ጋዜጠኞችም ታሰሩ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ሽብር አዋጅ በጋዜጠኞችና በጦማርያን ላይ መከሰሻ ሆነ። የዓለም የፕሬስ ነፃነት ቀን በ2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሲከበር እስር ቤት ያለ ጋዜጠኛ የለም ተብሎ ነበር፤ ያ ሁኔታ ብዙ አልቆየም። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1238 በመገናኛ ብዙኃን የሚፈጸም ስም ማጥፋትን ከወንጀልነት አውጥቶ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ አድርጎታል።

ማስረጃው ከየት ይመጣል

ጥሩ ዘጋቢ ምስጢር ከሚያወጣ ሰው በፊት ወረቀት ይፈልጋል። የፌዴራል ዋና ኦዲተር ለምክር ቤቱ በየዓመቱ የሚያቀርበው ሪፖርት በዚህ ረገድ ተወዳዳሪ የለውም። «በወቅቱ ያልተወራረደ ሂሳብ»፣ «ከግዥ መመሪያ ውጭ የተፈጸመ ግዥ» የሚሉት ደረቅ ሐረጎች ከመሥሪያ ቤት ስምና ከብር መጠን ጋር ይመጣሉ። ችግሩ አብዛኛው ዜና ጠቅላላ ድምሩን ጽፎ ማብቃቱ ነው። ያልተወራረደ ገንዘብ ሁሉ የተሰረቀ ገንዘብ አይደለም፤ ደረሰኙ የዘገየ ይኖራል፣ ደረሰኝ ጨርሶ የሌለው ይኖራል። ለዘገባ የሚሆነው ያው መሥሪያ ቤት ያንኑ ሂሳብ በተከታታይ ዓመታት ሲያንከባልል መገኘቱ ነው፤ ይህን ለማየት ደግሞ የቀደሙትን ሪፖርቶች ጎን ለጎን መዘርጋት ያስፈልጋል።

ከዚህ ሌላ ነጋሪት ጋዜጣ፣ ባንኮች በየዓመቱ በጋዜጣ የሚያወጡት የሂሳብ መግለጫ፣ የልደታ ችሎት መዝገብም አሉ። አዋጅ ቁጥር 590/2000 የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለመረጃ ጥያቄ በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ ቅር የተሰኘም ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ማለት ይችላል። ዕለታዊ ጋዜጣ 30 ቀን አይጠብቅም፤ ምርመራ የሚሠራ ግን መጠበቅ አለበት። ጠቋሚዎችን የሚጠብቅ አዋጅም አለ፣ ቁጥር 699/2003።

ጥናትን መዘገብ

ጥፋት ከመመርመር ባልተናነሰ የሚያስቸግረው የተመራማሪን ሥራ ሳያዛቡ ማቅረብ ነው። የዋጋ ግሽበት ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ ሁለት ቁጥር ያወጣል፦ አንዱ የዘንድሮውን ወር ከአምናው ተመሳሳይ ወር ጋር የሚያነጻጽር፣ ሌላው የአሥራ ሁለት ወራት ተንከባላይ አማካይ። ግሽበቱ ሲያሻቅብ አማካዩ ዝቅ ብሎ ይታያል፣ ሲረግብም ከፍ ብሎ ይቆያል። ባለሥልጣኑ የሚመቸውን መርጦ ሲናገር ዘጋቢው የትኛው እንደሆነ ካልጠየቀ ዜናው ውሸት ሳይኖርበት ያሳስታል።

መጋቢት 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ከተገኘ ከሁለት ሳምንት በኋላ በባህላዊ ዕውቀት ላይ የተመሠረተ መድኃኒት ተስፋ ሰጪ ደረጃ ላይ መድረሱ በመግለጫ ተነገረ። በእንስሳትና በሰው ላይ የሚደረገው ሙከራ ገና ነበር፤ በየማኅበራዊ ገጹ የተዛመተው ግን «መድኃኒቱ ተገኘ» የሚለው ነው።

የዚህ ተቃራኒ በሳይንቲስቱ ዘርዓሰናይ ዓለምሰገድ የተመራ ቡድን አፋር ውስጥ ዲኪካ ላይ ያገኛት የሕፃን ቅሪተ አካል «ሰላም» ነች። የተገኘችው በታኅሣሥ 1993 ዓ.ም. ሲሆን ለዓለም የታወጀችው በመስከረም 1999 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ያሉት ዓመታት ያለፉት ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ አጥንቱን የሸፈነውን አሸዋ ድንጋይ በጥርስ ሐኪም መሣሪያ ቅንጣት በቅንጣት ሲያራግፉ ነው። ጋዜጦች «የሉሲ ልጅ» አሏት። ሰላም የኖረችው ከ3.3 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው፤ ሉሲን ከመቶ ሺህ ዓመት በላይ ትቀድማታለች።