በጌም ሳጥን ላይ ያለው “ኤም” ምንድን ነው? ሕግ ነው ወይስ ምክር?

አሜሪካ ውስጥ የሚሸጥ የቪዲዮ ጌም ሳጥን ፊት ለፊቱን ቢያዩት፣ ከታች ጥጉ ላይ ጥቁርና ነጭ አራት ማዕዘን ምልክት አለ። ውስጡ ዘመም ያለች አንዲት የእንግሊዝኛ ፊደል ተቀምጣለች። “ኢ” ከሆነች ጌሙ ለሁሉም ነው፤ “ቲ” ከሆነች ከ13 ዓመት ጀምሮ፤ “ኤም” ከሆነች ደግሞ ከ17 ዓመት ጀምሮ ላሉ ነው። ሳጥኑን ሲገለብጡት ምክንያቱ በአጭር በአጭሩ ተዘርዝሯል፦ ደም፣ ከባድ ጥቃት፣ ጸያፍ ንግግር፣ ዕፅ።

ብዙ ወላጅ ይህችን “ኤም” እንደ ቢራና ሲጋራ ክልከላ ነው የሚያያት። ቢያያትም አይፈረድበትም። የ14 ዓመት ልጅ ጂቲኤ የተባለውን የወንጀል ጌም ሳጥን ይዞ ካሸሯ ፊት ቢቆም መታወቂያ ትጠይቀዋለች፤ ከሌለው “ወላጅህን ይዘህ ና” ብላ ትመልሰዋለች። ከጀርባው ፖሊስ ያለ ይመስላል። ነገር ግን ካሸሯ ዝም ብላ ብትሸጥለት የጣሰችው የመንግሥት ሕግ የለም። የጣሰችው የመደብሯን ደንብ ነው፤ ቢበዛ አለቃዋ ይቆጣታል።

ፊደሏን የሚሰጠው ኢኤስአርቢ የሚባል፣ የጌም ኩባንያዎቹ ራሳቸው ያቋቋሙት ቦርድ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት አይደለም። ይሁንና መንግሥትን ፈርቶ የተወለደ ድርጅት ነው፤ እንዴት እንደተወለደ ካልታወቀ ዛሬ ለምን እንዲህ እንደሚሠራም አይገባም።

ነገሩ የጀመረው ሞርታል ኮምባት በተባለ የድብድብ ጌም ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በ1992 በሳንቲም በሚሠሩ ማሽኖች ላይ ወጣ፤ በሴፕቴምበር 1993 በየቤቱ ገባ። በዚህ ጌም አሸናፊው ማሸነፍ ብቻ አይበቃውም። አንዱ ተፋላሚ የተሸናፊውን ልብ ከደረቱ ነቅሎ ያወጣል፤ ሌላው ጭንቅላቱን ከነአከርካሪው ይመዘዋል። የጌም ማሽን ሠሪው ኔንቲዶ በራሱ ማሽን ላይ ደሙን ወደ ግራጫ ላብ ቀየረው። ተፎካካሪው ሴጋ ግን ደሙን አላጠፋውም፤ በምስጢር ኮድ ሸፈነው እንጂ። ኮዱ ደግሞ ከልጅ ወደ ልጅ ሲተላለፍ ምስጢርነቱ ብዙም አልቆየም። ገበያው ላይ የሴጋው በለጠ፤ ይህን ያየ ሌላ ኩባንያ ምን ትምህርት እንደሚወስድ ግልጽ ነው።

በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ሴናተር ጆ ሊበርማንና ሴናተር ኸርብ ኮል የኩባንያዎቹን ኃላፊዎች ምክር ቤት ጠርተው በካሜራ ፊት አፋጠጧቸው። የኔንቲዶና የሴጋ ሰዎች እዚያው መካሰስ ጀመሩ፤ አንዱ ሌላውን “ልጆችን የሚያበላሸው እሱ ነው” በሚል ዓይነት። ሴናተሮቹ ያስተላለፉት ነገር አጭር ነበር፦ ደረጃ አውጡ፤ ካላወጣችሁ በሕግ እናወጣላችኋለን። በ1994 ኢኤስአርቢ ተቋቋመ።

አሠራሩ ሰው እንደሚገምተው አይደለም። አንድን ጌም ከዳር እስከ ዳር ለመጨረስ ሃምሳ ሰዓት ሊፈጅ ስለሚችል፣ ገምጋሚዎቹ ቁጭ ብለው አይጫወቱትም። ኩባንያው ዝርዝር መጠይቅ ይሞላል፤ በጌሙ ውስጥ በጣም ከባድ የሆኑትን ትዕይንቶች በቪዲዮ ቀርጾ ይልካል፤ ቢያንስ ሦስት ሰዎች ያንን አይተው ደረጃ ይሰጣሉ። “ታዲያ ኩባንያው ቢደብቅስ?” ማለት ተገቢ ነው። በ2005 ተደብቆ ተገኘ። ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ ዲስኩ ውስጥ ተቀብሮ የቀረ የወሲብ ትዕይንት ነበረው፤ ኮምፒውተር የሚያውቁ ሰዎች ቆፍረው አወጡት። ቦርዱ ደረጃውን ከ“ኤም” ወደ “ኤኦ”፣ ማለትም ለ18 ዓመትና ከዚያ በላይ ብቻ፣ ለወጠው። በ17 እና በ18 መካከል ያለው አንድ ዓመት ነው። ለሻጩ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል፦ ትልልቆቹ መደብሮች “ኤኦ” መደርደሪያቸው ላይ አያስቀምጡም፤ ሶኒ፣ ማይክሮሶፍትና ኔንቲዶም በማሽናቸው ላይ አያስገቡም። ጌሙ ከየመደብሩ ተለቀመ። በእኔ ግምት ኩባንያዎቹ የትኛውንም የመንግሥት ቅጣት ይህን ያህል አይፈሩም።

መደብሮቹስ ደንባቸውን ያከብራሉ? ኤፍቲሲ የሚባለው የፌዴራሉ የንግድ ኮሚሽን ከ13 እስከ 16 ዓመት ያሉ ልጆችን ብቻቸውን እየላከ ይፈትናቸው ነበር። በ2000 ከተላኩት ልጆች መካከል ከመቶ 85ቱ “ኤም” ጌም ገዝተው ወጡ። ያኔ ፊደሏ ጌጥ ነበረች ማለት ይቻላል። በ2011 ግን መግዛት የቻሉት ከመቶ 13ቱ ብቻ ነበሩ። በዚያው ዙር ለልጅ ያልተፈቀደ ፊልም በዲቪዲ የገዙት ከመቶ 38 ናቸው፤ ሲኒማ ቤት የገቡት ደግሞ 33። ሕግ ሳያስገድደው የጌም ገበያው ከፊልሙ ይልቅ ጥብቅ ሆኖ ተገኘ።

ይህ ሁሉ እያለ ካሊፎርኒያ ሕግ አወጣች። በ2005 ሊላንድ ዪ የተባሉት የምክር ቤት አባል ያረቀቁትን፣ አገረ ገዢው አርኖልድ ሽዋርዜኔገር ፈረሙበት። ሰውየው በፊልሞቻቸው ስንቱን በመትረየስ እንዳጨዱ ለሚያስታውስ ፊርማው ፈገግ ያሰኛል። ሕጉ የሰው ምስል የሚገደልበት፣ አካሉ የሚቆራረጥበት ወይም በወሲብ የሚደፈርበትን ጌም ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ መሸጥም ማከራየትም ይከለክላል፤ ጌሙ የሕፃናትን ክፉ ስሜት የሚያነሣሣ፣ ከማኅበረሰቡ ወግ የወጣና ቁም ነገር የሌለው ከሆነ ማለት ነው። ሳጥኑ ላይ ትልቅ “18” ይለጠፋል፤ የጣሰ እስከ 1,000 ዶላር ይቀጣል። ወላጅ ራሱ ገዝቶ ለልጁ ቢሰጥ ግን ሕጉ አይነካውም።

ሕጉ አንድም ቀን ሥራ ላይ አልዋለም። ሻጮቹ ወዲያው ከሰሱ፣ ፍርድ ቤት አገደው፣ ይግባኙም ያንኑ አጸና፤ ነገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በኖቬምበር 2010 በተደረገው የቃል ክርክር ዳኛ አንቶኒን ስካሊያ የካሊፎርኒያን ጠበቃ ከጅምሩ አስቁመው፣ “ያፈነገጠ” ጥቃት ያለበት ጌም ስትሉ ጤነኛ ጥቃት ያለበትስ የትኛው ነው ብለው ጠየቁት። ዳኛ ሳሙኤል አሊቶ ጣልቃ ገብተው፣ ስካሊያ ማወቅ የሚፈልጉት ጄምስ ማዲሰን ስለ ቪዲዮ ጌም ምን ያስብ እንደነበር ነው አሉ፤ ከሕገ መንግሥቱ አርቃቂዎች አንዱ የሆነው ማዲሰን የሞተው በ1836 ነው። አዳራሹ ሳቀ። ስካሊያ ግን አልለቀቁም፤ ማወቅ የምፈልገው ስለ ጥቃት ምን ያስብ እንደነበር ነው ብለው መለሱ።

ፍርዱ ጁን 27 ቀን 2011 ተሰጠ፦ 7 ለ 2፣ ሕጉ ወደቀ። ስካሊያ የጻፉት ምክንያት ዋናው ሐሳብ ይህ ነው። ጌም እንደ መጽሐፍና እንደ ፊልም ታሪክ ይናገራል፤ ስለዚህ ንግግር ነው፣ የሕገ መንግሥቱ ጥበቃም አለው። ፍርድ ቤቱ በ1968 የወሲብ ምስል ለልጆች እንዳይሸጥ የሚከለክል የኒው ዮርክ ሕግን አጽድቆ ነበር፤ ካሊፎርኒያም ያንን መንገድ ተከትላ ጥቃትን በወሲብ ቦታ ለመተካት ሞከረች። ነገር ግን በአሜሪካ ታሪክ ልጆችን ከጥቃት ታሪክ የመከልከል ልማድ የለም አሉ። የግሪም ተረቶችን ጠቀሱ፤ በሲንደሬላ መጨረሻ ርግቦች የክፉዎቹን እኅቶች ዓይን ጎጥጉጠው ያወጣሉ፤ ሃንዝልና ግሬትል ያገተቻቸውን ሴት ምድጃ ውስጥ ይከቷታል። (በእኛም ተረት ጅቡ አህያዋን ስንት ጊዜ ዘነጣጥሏታል፤ ሰሚዎቹም ሕፃናት ናቸው።)

ጥናቶቹም ቀርበው ነበር። ፍርድ ቤቱ አላሳመኑኝም አለ፤ ጌም ልጅን ጠበኛ እንደሚያደርግ አያረጋግጡም፣ የታየው ተጽዕኖም ትንሽና የካርቱን ፊልም ከሚያሳድረው የማይለይ ነው ብሎ። ከዚያ ወዲህ የአሜሪካ ሳይኮሎጂስቶች ማኅበር በ2020 ያወጣው አቋም ከዚህ ብዙም የራቀ አይደለም፦ ከመጮኽና ከመገፋፋት ዓይነት ጠብ ጋር አነስተኛ ግንኙነት ይታያል፤ ጌምን የከባድ ወንጀል ምክንያት ለማድረግ ግን በቂ ማስረጃ የለም።

አንድ ነገር ግን ከዜናው ወድቆ ይቀራል። ከሰባቱ ሁለቱ፣ አሊቶና ጆን ሮበርትስ፣ ሕጉን የጣሉት የተጻፈበት ቋንቋ ግልጽ ስላልሆነ ብቻ ነው፤ የተሻለ ሕግ ቢመጣ እናያለን የሚል በር ከፍተው ነው የወጡት። ክላረንስ ቶማስ ደግሞ ተቃወሙ፤ በሕገ መንግሥቱ ዘመን ወላጅ በልጁ ላይ ሙሉ ሥልጣን ነበረው፣ ወላጅን አልፎ ለልጅ የመናገር መብት ለማንም አልተሰጠም አሉ። ይህን ሐሳብ ብዙ ሐበሻ ወላጅ ቢሰማው ያጨበጭብለታል ብዬ እገምታለሁ። ከሁሉ የከበደኝ ግን የስቲቨን ብራየር ተቃውሞ ነው። ለ13 ዓመት ልጅ የራቁት ሴት ፎቶ ያለበት መጽሔት መሸጥ ክልክል ሆኖ፣ ያው ልጅ ሴትዮዋን በጌም ውስጥ አስሮ፣ አሠቃይቶ የሚገድልበትን መግዛቱ እንዴት የሕገ መንግሥት ጥበቃ ያገኛል? ፍርዱን ሳነበው የስካሊያ ክርክር ጠንካራ ነው፤ ካሊፎርኒያ የጻፈችው ዓይነት ትርጉም ይዞ የትኛው ጌም ተከለከለ፣ የትኛው ተፈቀደ ማለትም አይቻልም። የብራየርን ጥያቄ ግን የመለሰለት የለም። ጁን 27 ቀን 2025፣ በዚያው ቀን ልክ ከ14 ዓመት በኋላ፣ ፍርድ ቤቱ የወሲብ ድረ ገጾች የተጠቃሚን ዕድሜ እንዲያረጋግጡ የሚያስገድደውን የቴክሳስ ሕግ 6 ለ 3 ሲያጸድቅ በወሲብና በጥቃት መካከል ያለው ልዩነት እንዳለ ቀጠለ።

ከአሜሪካ ሲወጡ ነገሩ ይለወጣል። ጀርመን ውስጥ ዩኤስኬ የተባለው የጌም ደረጃ ሰጪ አካል የሚሰጠው ደረጃ ሕግ ነው፤ በ2002 ኤርፉርት ትምህርት ቤት ውስጥ ከደረሰው ግድያ በኋላ ጸድቆ ከ2003 ጀምሮ ይሠራል፣ ለልጅ የሸጠ እስከ 50,000 ዩሮ ሊቀጣ ይችላል። በእንግሊዝም ከ2012 ጀምሮ ፔጊ የሚባለው ደረጃ 12፣ 16 ወይም 18 ካለ፣ ከዚያ በታች ላለ ልጅ መሸጥ ወንጀል ነው። ጀርመን ፍራንክፈርት ያለች እናትና አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለች እኅቷ በስልክ ስለ አንድ ጌም ሲያወሩ ሳጥኑ አንድ ዓይነት ይመስላቸዋል፤ ከኋላው ያለው ግን አንዱ ጋ ዳኛ፣ ሌላው ጋ የመደብር ሥራ አስኪያጅ ነው።

አሁን ደግሞ ሳጥኑ ራሱ እየጠፋ ነው። ልጁ ካሸር ጋ አይቀርብም፤ ጌሙን ከሶፋው ላይ ሆኖ ያወርደዋል። በስልክና በኦንላይን ለሚለቀቁት አእላፍ ጌሞች ሦስት ሰው ቁጭ ብሎ ቪዲዮ አያይም፤ ሠሪው መጠይቅ ይሞላል፣ ደረጃው ወዲያው በኮምፒውተር ይወጣል። መታወቂያ የምትጠይቀውን ካሸር የተካው አካውንቱ ሲከፈት የሚሞላው የልደት ቀን ነው። አካውንቱን ልጁ ራሱ ከፍቶ 1990 ብሎ ከሞላ፣ ወይም አባት ለመገላገል በራሱ ስም ከከፈተለት፣ ፕሌይስቴሽኑም ሆነ ኤክስቦክሱ ቤት ውስጥ አዋቂ ብቻ እንዳለ አድርጎ ይቆጥራል። ልጁ በትክክለኛ ዕድሜው በወላጅ አካውንት ሥር ከተመዘገበ ግን “ኤም” የሆነውን ማሽኑ ራሱ ይዘጋዋል፤ ወላጅ ካልፈቀደ አይከፈትም። አዲስ አበባ ፕሌይስቴሽን ቤት ገብቶ በሰዓት ለሚጫወተው ልጅ ደግሞ ፊደሏ ከነጭራሹ አትታየውም።

መንግሥትም በጥቃቱ በር መግባት ሲያቅተው ሌላ በር አገኘ። በዲሴምበር 2022 ኤፍቲሲ የፎርትናይት ባለቤት የሆነውን ኤፒክ ጌምስን 520 ሚሊዮን ዶላር አስከፈለ። ያስከፈለው በጌሙ ውስጥ ስላለው ተኩስ አይደለም። 275 ሚሊዮኑ የልጆችን መረጃ ያለ ወላጅ ፈቃድ በመሰብሰቡ ነው፤ 245 ሚሊዮኑ ደግሞ ተጫዋቾች ሳያስቡት ዕቃ እንዲገዙ በሚያደርጉ አዝራሮች ለወጣው ገንዘብ ተመላሽ። በጃንዋሪ 2025 ደግሞ ጌንሺን ኢምፓክት የተባለው ጌም ባለቤቶች 20 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍሉና ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ ወላጅ ፈቃድ በጌሙ ውስጥ ምንም እንዳይገዛ ሊያደርጉ ተስማሙ። ፎርትናይትም ጌንሺንም የተሰጣቸው ፊደል “ኤም” እንኳ አይደለም፤ “ቲ” ነው።