ኔቭ ምንድን ነው? ከ«ልጅ» ተነሥቶ «ወስላታ» ላይ የወደቀ ቃል

የቆየ የእንግሊዝኛ ተውኔት የሚያነብ ሰው «ኔቭ» (knave) የሚል ቃል ሲገጥመው መዝገበ ቃላት ይገልጣል። መዝገበ ቃላቱም «ወስላታ፣ አጭበርባሪ» ይለዋል። ብዙ ጊዜ ይሄ ያስኬዳል፤ አንዳንዴ ግን ትርጉሙን ገደል ይከተዋል።

የሼክስፒርን «ጁሊየስ ቄሳር» እንውሰድ። ብሩተስ ወደ ፊልጵስዩስ ከመዝመቱ በፊት በነበረው ሌሊት ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጦ ትንሹን አገልጋዩን ሉሲየስን ዜማ እንዲያሰማው ይለምነዋል። ልጁ ሲላላክ ውሎ ደክሞታል፤ ክሩን እየመታ እንቅልፍ ይጥለዋል። ብሩተስ አይቆጣም። «ኔቭ» ብሎ ጠርቶት፣ ከፊቱም «ገር» የሚል ቅጽል ጨምሮ፣ ደህና እደር ይለዋል። ከዚያ መሣሪያው እንዳይሰበር ቀስ አድርጎ ከእጁ ይወስድለታል። እዚህ ቦታ ላይ «ወስላታ» ብሎ የተረጎመ ሰው የጌታውን ርኅራኄ ስድብ አደረገው ማለት ነው።

ቃሉ ሲነሣ ስድብ አልነበረም። በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ክናቫ» ማለት ወንድ ልጅ ነው፤ የጀርመንኛው «ክናበ» የሥጋ ዘመዱ ሲሆን ዛሬም ልጅ ማለት ነው። (እንግሊዞች መነሻዋን «ክ» መጥራት ቢተዉም ሲጽፉ አልጣሏትም።) በ14ኛው ክፍለ ዘመን በጆን ዊክሊፍ ስም የሚታወቀው መጽሐፍ ቅዱስ ራእይ 12፥5 ላይ ሴቲቱ የወለደችውን፣ አሕዛብን በብረት በትር የሚገዛውን ወንድ ልጅ የሚጠራው በዚሁ ቃል ነው። ያን ጊዜ ቃሉ በአንድ በኩል ቅዱስ ነገር ይነገርበታል፣ በሌላ በኩል የሚላላክ ልጅን፣ ቀጥሎም ማንኛውንም ዝቅተኛ አገልጋይ ይጠራበታል፤ በጌቶች አፍ ደግሞ «የማይታመን ሰው» ወደ መሆን ወርዷል።

ለምን ወረደ? እኔ የማየው ንቀትን ነው። ጌታው ሎሌውን ሌባ ነው ብሎ ካሰበ የሎሌነቱ ስም ራሱ የሌብነት ስም ይሆናል። የገበሬው ስም «ቪሌን» ክፉ ሰው ማለት ሆኖ ቀርቷል፤ ሌላው የአገልጋይ ስም «ቫርሌት»ም እንዲሁ። ወደ ላይ የወጣ ግን አለ። «ናይት» የምንለው ባለ ፈረሱ፣ ባለ ማዕረጉ ጦረኛ በጥንቱ ቋንቋ እሱም ልጅ፣ እሱም አገልጋይ ማለት ነበር። ጀርመንኛው «ክኔኽት» አሁንም የእርሻ ቤት ሎሌ ነው። ሁለት የልጅ ስሞች ከአንድ ደጅ ተነሥተው አንዱ ፈረስ ላይ ወጣ፣ አንዱ ጭቃ ውስጥ ገባ።

ካርታ የሚጫወት ሰው ኔቭን በመልክ ያውቀዋል፤ ከንጉሡና ከንግሥቲቱ በታች ያለው ወጣት እሱ ነው። ጣሊያኖች «ፋንቴ» ይሉታል፤ ያም ከ«ሕፃን» የመጣ ቃል ነው። በእንግሊዝኛ ካርታ ጥግ ላይ የኔቭና የንጉሡ ምሕጻረ ቃል በአንድ ፊደል ስለሚጀምሩ ተጫዋች ይምታታበት ነበር። አሜሪካዊው ካርታ አታሚ ሳሙኤል ሃርት በ1864 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የዚሁ ካርታ ሌላ ስም የሆነውን የ«ጃክ»ን ፊደል ተካበት፤ ኔቭ ከካርታው ላይ የተገፋው እንደዚህ ነው።

በአማርኛስ? ለዚህ ቃል «ብላቴና»ን የሚያህል የለንም። የመቶ አለቃው በማቴዎስ 8፥6 ላይ «ብላቴናዬ ሽባ ሆኖ» ሲል ልጅም አገልጋይም ሊሆን የሚችልን ሰው ነው የሚጠራው። ብላቴና ግን እንደ ኔቭ አልወረደም። «ብላቴን ጌታ» የሚለው ማዕረግ ከሱ ወጥቷል፤ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴን ያስታውሱ። በኔቭ መንገድ የሄደብን «አሽከር» ነው፤ ዛሬ «የባዕድ አሽከር» ሲባል ማንም የቤት ሥራ አይታሰበውም።

ስለዚህ ኔቭን ሲያገኙ ማን ለማን እንደተናገረው ይመልከቱ። ሁለት ጠበኞች ከተባባሉት ወስላታ ነው። ጌታው ሎሌውን ሲጣራ ከሆነ «አንተ ልጅ» ይበቃል። የብሩተስን ቃል እኔ ብተረጉመው «ደህና እደር፣ ብላቴናዬ» እለዋለሁ።