የአፈጻጸም አክሲዮን ምንድን ነው? የአለቃው ክፍያና ገና ያልመጣው ትርፍ

አክስቴ ከዚራ ያለው ቤቷ በረንዳ ላይ ጋዜጣ ዘርግታ ጠበቀችኝ። ኅዳር ስለሆነ ድሬ ለጊዜው ምሕረት አድርጋለች፤ ቀትር ላይም ውጭ መቀመጥ ይቻላል።

የዘረጋችው ገጽ አክሲዮን የገዛችበት ባንክ የጠቅላላ ጉባኤ ጥሪ ነው። አጀንዳዎቹን በእስክሪብቶ አስምራባቸዋለች። ምልዓተ ጉባኤ መሟላቱን ማረጋገጥ። ድምፅ ቆጣሪዎችን መሰየም። የቦርዱንና የውጭ ኦዲተሩን ሪፖርት መስማት። በትርፍ ድልድል ላይ መወሰን። አንዷን ግን ሁለት ጊዜ ከባባታለች፦ «የዳይሬክተሮች ቦርድ አባላትን ዓመታዊ ክፍያና ወርሃዊ አበል መወሰን»።

«አቦ፣ ያ ሰውዬ አንድ ትሪሊዮን ዶላር ሰጡት አይደል? እኛ እዚህ ለአበል እንጨቃጨቃለን» አለችኝ።

ሰውየው የኤሌክትሪክ መኪና አምራቹ የቴስላ አለቃ ኢሎን መስክ ነው። አልሰጡትም። ቃል ነው የገቡለት። የዛሬው ወሬያችን እዚህ ልዩነት ላይ ነው።

አንድ ኩባንያ ለሥራ አስኪያጁ «ይህን ያህል ደመወዝ በወር» ከማለት ይልቅ «እዚህ ቦታ ካደረስከን ይህን ያህል አክሲዮን ያንተ ይሆናል» ሲለው፣ ያ የአፈጻጸም አክሲዮን ይባላል። ግቡ ካልተመታ አክሲዮኑ የለም። ከተመታ ሰውየው የኩባንያው ተጨማሪ ባለቤት ይሆናል። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ሠራተኛው እንደ ባለቤት እንዲያስብ ባለቤት አድርገው። ደመወዝተኛ ወሩን ይቆጥራል፤ ባለ አክሲዮን ዓመታትን ይቆጥራል ነው ነገሩ።

ታዲያ ጭቅጭቁ ከየት መጣ?

አክሲዮኑ ከሰማይ ስለማይወርድ ነው። ለዚህ ከወጥ የተሻለ ምሳሌ የለኝም። ለስድስት ሰው የተሠራ ወጥ አለ። ሦስት እንግዳ ሲጨመር ማሰሮው ውስጥ ውሃ ይገባል። ወጡ በዛ፤ ግን ቀጠነ። ኩባንያም አዲስ አክሲዮን አውጥቶ ለአለቃው ሲሰጥ የነባሮቹ ድርሻ ይቀጥናል። ማንም ከኪሳችሁ ብር አልወሰደም። ሰርተፊኬታችሁ ላይ ያለው ቁጥርም ያው ነው። የቀጠነው ድርሻችሁ ነው።

በቁጥር ላሳያችሁ። ለምሳሌ ያህል እዚሁ ድሬ አንድ የዱቄት ፋብሪካ አለ እንበል። 1,000 አክሲዮን አለው፤ ጠቅላላ ዋጋው 10 ሚሊዮን ብር ነው። አንዱ አክሲዮን 10,000 ብር መሆኑ ነው። አክስቴ 10 አላት፣ ማለትም 100,000 ብር። ሥራ አስኪያጁን «ፋብሪካውን 20 ሚሊዮን ካደረስከው 100 አዲስ አክሲዮን ትወስዳለህ» አሉት። አደረሰው። አሁን 1,100 አክሲዮን አለ። አንዱ 18,182 ብር ገደማ ይመጣል። የአክስቴ 10 አክሲዮን 181,800 ብር አካባቢ ሆነ። ከ100,000 ተነስታ እዚህ መድረሷ መቼም ጥሩ ነው። ሽልማቱ ባይኖር ግን፣ ፋብሪካውም እንደዚያው ቢያድግ፣ 200,000 ይሆንላት ነበር። 18,000 ብር ከምናምን ለሥራ አስኪያጁ ከፍላለች ማለት ነው። ሳታውቀው።

«ታዲያ እሱ ባይኖር ያድግ ነበር?» አለችኝ።

በትክክል! ክርክሩ ሁሉ ይህቺው ጥያቄ ናት። ማንም በእርግጠኝነት ሊመልሳት አይችልም። ሰውየው የሌለበትን ፋብሪካ አምጥቶ የሚያሳያችሁ የለማ።

ሌላም ጉድ አለ። ፋብሪካው 20 ሚሊዮን የገባው በምንድን ነው? ዱቄት በዝቶ ስለተሸጠ ነው? ወይስ ሥራ አስኪያጁ ተኝቶ ሳለ የተቀመጠበት ቦታ ዋጋ ስለጨመረ? ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በብር ሲቆጠር ያላበጠ ነገር ትንሽ ነው። ሽልማቱን በብር ዋጋ ብቻ ከለካችሁት ለዋጋ ንረት ጉርሻ ከፈላችሁ ማለት ነው። እኔ ብጠየቅ ከሽልማቱ መጠን በፊት መለኪያውን ነው የማየው። ትልቅ ሽልማት በጥሩ መለኪያ ሊያዋጣ ይችላል። ትንሽ ሽልማት በተበላሸ መለኪያ ግን ሌብነት ነው፤ ጨዋ ስም የተሰጠው።

ወደ ቴስላ እንመለስ፤ ነገሩ እዚያ ሁለት ጊዜ ተፈትኗል። ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በ2018 ባለአክሲዮኖቹ ለመስክ 12 ደረጃ ያለው ዕቅድ አጸደቁለት። ደመወዝ የለውም። ኩባንያው በገበያ ላይ 100 ቢሊዮን ዶላር ሲደርስ የመጀመሪያው ደረጃ ይከፈታል፤ ከዚያ በየ50 ቢሊዮኑ እየተከፈተ እስከ 650 ቢሊዮን ይሄዳል። የገበያ ዋጋው ብቻ አይበቃም፤ የሽያጭ ወይም የትርፍ ግብም አብሮ መሟላት አለበት። ያኔ ኩባንያው ገና 60 ቢሊዮን እንኳ በቅጡ አልሞላም ነበር። ብዙ ሰው ሳቀ። በ2021 ግን ኩባንያው ከአንድ ትሪሊዮን ዶላር በላይ ወጣ። የሳቁት ዝም አሉ፤ አክሲዮናቸውን ይዘው የቆዩት ከበሩ።

ታሪኩ ግን እዚያ አላበቃም። ዘጠኝ አክሲዮን ብቻ የነበረው አንድ ሰው ዴላዌር በተባለው የአሜሪካ ግዛት ፍርድ ቤት ከሰሰ። በጃንዋሪ 2024 ዳኛዋ ፈረዱለት፤ ከ55 ቢሊዮን ዶላር ከፍ የሚለው ክፍያ ተሰረዘ። ምክንያታቸው ቁጥሩ መብዛቱ ብቻ አይደለም። ክፍያውን የተደራደሩለት የቦርድ አባላት ከመስክ ጋር በጣም የተቀራረቡ ነበሩ፤ ባለአክሲዮኖቹም ድምፅ ሲሰጡ ይህን በሚገባ አልተነገራቸውም ነው ያሉት። አንድ ነጥብ ደግሞ ልብ በሉ። መስክ ያኔም የኩባንያውን 22 በመቶ ገደማ ይዞ ነበር። ኩባንያው 50 ቢሊዮን በጨመረ ቁጥር ያለ ምንም ሽልማት 11 ቢሊዮን ገደማ ኪሱ ይገባል። እንዲህ ያለ ሰው እንዲሠራ ሌላ ጉርሻ ያስፈልገዋል?

ባለአክሲዮኖቹ ግን በጁን 2024 ተሰብስበው በ72 በመቶ ድምፅ «ይከፈለው» ብለው ደገሙት። ዳኛዋ እንደገና አይሆንም አሉ። በዲሴምበር 2025 ደግሞ የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሽሮ ክፍያውን መለሰለት፤ ሰውየው ለስድስት ዓመት ሥራ ባዶ እጁን ሊቀር አይገባም በሚል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ዳኛዋም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም እውነት አላቸው። አንዱ አሠራሩን አየ፣ ሌላው ውጤቱን።

አክስቴ የሰማችው ትሪሊዮን ግን ሌላ ነው፤ አዲሱ ዕቅድ። በኖቬምበር 2025 ከ75 በመቶ በላይ ድምፅ አገኘ። መጨረሻው ደረጃ ላይ ለመድረስ ኩባንያው በአሥር ዓመት 8.5 ትሪሊዮን ዶላር መሆን አለበት። ሌሎችም ግቦች አሉ፦ 20 ሚሊዮን መኪና፣ አንድ ሚሊዮን ሰው መሰል ሮቦት፣ አንድ ሚሊዮን ያለ ሾፌር የሚሄድ ታክሲ። የኖርዌይ መንግሥት ግዙፍ የኢንቨስትመንት ፈንድ ተቃወመ። የሽልማቱ ብዛት፣ የድርሻው መቅጠንና ኩባንያው በአንድ ሰው ላይ መንጠልጠሉ አሳስቦኛል አለ። ደጋፊዎቹ ደግሞ «እሱ ከሄደ የኩባንያው ዋጋ አብሮ ይሄዳል» ባዮች ናቸው።

ሁለቱም ወገን የሚከራከረው ገና ስላልተፈበረከ ሮቦት ነው። የአክሲዮን ዋጋ የሚባለውም ሰው ስለ ነገ የሚያምነው ነገር እንጂ ዛሬ ካዝና ውስጥ የተቆለፈ ብር አይደለም።

ይህ ለድሬ ልጅ አዲስ ሊሆን አይገባም። ከተማችን ራሷ የነገ ዋጋ ልጅ ናት። ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 የባቡር ፈቃድ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ሰጡ፤ ሁለት ዓመት ቆይቶ ኩባንያው ተቋቋመ። አክሲዮን የገዙት ሰዎች የገዙት ሐዲድ አልነበረም፤ የሐዲድ ተስፋ ነው። ሐረር መድረስ ነበር ሐሳቡ። ተራራው ወጪ ስለሚያበዛ ከሥሩ ባለው ሜዳ ላይ ቆመ፤ በ1902 ድሬዳዋ ተወለደች። ከዚያ ገንዘቡ አለቀ። ኩባንያው በ1907 ፈረሰ፣ ሌላ ተተካ፣ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። የመጀመሪያዎቹ ባለአክሲዮኖች ከሰሩ፤ ከተማዋ ግን ይኸው አለች። ለገሃር በኩል ባለፍኩ ቁጥር ይገርመኛል።

ወደ አክስቴ ጋዜጣ ልመለስ። እሷ የከበበችው አጀንዳ የቦርድ አባላት ክፍያ ነው። እነሱ ደመወዝተኛ አይደሉም፤ ባለአክሲዮኖች የመረጧቸው ናቸው። ክፍያቸው በጉባኤ ድምፅ ይወሰናል። ባንክ ሲሆን ደግሞ ብሔራዊ ባንክ በመመሪያ ጣሪያ ያስቀመጠበት ጊዜም አለ። የባንኩን ፕሬዚዳንት ደመወዝ ግን የሚወስነው ቦርዱ ነው። አጀንዳው ላይ የለም። ሰው በአበል ሲነታረክ ይውልና ትልቁ ውሳኔ ሌላ ክፍል ውስጥ ተወስኖ ያድራል። በእንግሊዝና በአሜሪካ ባለአክሲዮኖች በአለቆች ክፍያ ላይም ድምፅ ይሰጣሉ፤ የአሜሪካው ግን ምክር ብቻ ነው፣ ቦርዱን አያስገድድም።

እኛ አገር አለቃን በአክሲዮን መክፈል ያልተለመደበት ምክንያትም ግልጽ ነው። የገበያ ዋጋ በሌለበት ግቡን በምን ትለኩታላችሁ? የአክስቴ ሰርተፊኬት ላይ የተጻፈው ዋጋ ከገዛችበት ቀን ጀምሮ አንድ ነው። የእሷ መለኪያ በየዓመቱ የምታገኘው የትርፍ ድርሻ ብቻ ነበር። በእኛ አቆጣጠር ጥር 2017 ላይ የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ሥራ ሲጀምርና ወጋገን ባንክ ቀዳሚ ሆኖ ሲመዘገብ ግን ነገሩ መቀየር ጀመረ። ዋጋ በየቀኑ የሚታይ ከሆነ «ዋጋውን ካወጣሁት ምን ትሰጡኛላችሁ» የሚል አለቃ መምጣቱ አይቀርም።

የድርሻ መቅጠንን ግን አክስቴ ቀድማ ታውቀዋለች፤ ስሙን ነው ያላወቀችው። ብሔራዊ ባንክ ባንኮች ካፒታላቸውን 5 ቢሊዮን ብር እንዲያደርሱ ሲያዝ አዲስ አክሲዮን ወጣ። ነባሮቹ የመግዛት ቅድሚያ አላቸው። እሷ የዚያን ጊዜ የልጇን ሠርግ ደግሳ እጇ ባዶ ነበር፤ አልገዛችም። ድርሻዋ ቀጠነ። ልዩነቱ ያኔ ውሃ የጨመሩት ሰዎች ጨውና በርበሬም ይዘው ነው የመጡት፤ ገንዘብ አስገብተዋል። አለቃው ግን ይዞ የሚመጣው ሥራውን ነው። ሥራው ደግሞ ከተበላ በኋላ ነው የሚቀመሰው።

ጉባኤው አዲስ አበባ ነው። ጉልበቷ ያማታል፣ ባቡሩንም አውሮፕላኑንም አልፈለገችም። ለአጎቴ ልጅ ውክልና ልትሰጥ ወሰነች። ውክልናው ጥሪው ላይ በተጻፈው ቀን መግባት ስላለበት ያኔውኑ ሞላነው። ከጀርባው ሊጠይቅላት የሚገባውን አስጻፈችኝ፦ ትርፉ ከብድር ወለድ ነው ወይስ ከምንዛሪ ልዩነት? የፕሬዚዳንቱ ጉርሻ በምን ተለካ?

ፈርማ ስታበቃ ሻሂዋን ፉት አለችና አየችኝ።

«ያ የከሰሰው ሰው ስንት አክሲዮን ነበረው ነው ያልከኝ?»

«ዘጠኝ።»

«እኔ አርባ አለኝ» አለች።