የአስመራው ፊያት ታሌሮ በሽጉጥ አልቆመም

አስመራን አይቶ የመጣ ሰው ሁሉ መሐንዲስ መሆኔን ሲሰማ ስለ ፊያት ታሌሮ ሕንፃ ያቺኑ ወሬ ያወራኛል። «ፊያት ታሌሮን አየሁት! አርክቴክቱ በሽጉጥ አስፈራርቶ ነው አሉ ያቆመው።» ሰለቸኝ።

ስለ አስመራ ከሚወሩት ከትንንሾቹ ልጀምር። «አስመራ በሙሉ አርት ዲኮ (የ1920ዎቹና የ30ዎቹ የሕንፃ ስልት) ናት።» አይደለችም፤ በ1923 እ.ኤ.አ. የተሠራው የካቶሊክ ካቴድራል የሎምባርድ፣ ማለትም የሰሜን ጣሊያን የድሮ ስልት ነው። «ሙሶሊኒ ከባዶ ሠራት።» እሱ ሥልጣን የያዘው በ1922 ነው፤ ኦፔራ ቤቱ ቀድሞት አልቋል። «ጣሊያን ለሕዝቡ ብሎ ሠራት» የሚለው ደግሞ ያናድዳል። ፕላኑ ከተማዋን በዘር የከፈለ ነበር። ድንጋዩን የተሸከመው ኤርትራዊ ማታ የሚገባው ወደ ሌላ ሰፈር ነው።

አሁን ወደ ሽጉጡ። ፊያት ታሌሮ ለነዳጅ ማደያነት የተሠራ ሕንፃ ነው። ጁሴፔ ፔታዚ በአውሮፕላን መልክ ነደፈው፤ በ1938 ተሠራ። ግራና ቀኝ 15፣ 15 ሜትር ክንፍ አለው፤ ከሥሩ ግን ምሰሶ የለም። ወሬው ሲነገር፣ ሹማምንቱ «ምሰሶ ይግባበት» አሉ፣ እሱም የእንጨት ድጋፍ አቆመ፤ ኋላ ሠራተኞቹ ድጋፉን መንቀል ሲፈሩ ሽጉጥ ደገነ ይባላል። አንዱ ተራኪ በኮንትራክተሩ ላይ ይላል፣ ሌላው በገዛ ራሱ ላይ።

ደግኖም ከሆነ ይደግን። ክንፉን የያዘው በኮንክሪቱ ውስጥ ያለው ብረት፣ ፌሮው ነው! ማንኛውም አርማታ እስኪጠነክር በፑንቴሎ (በጊዜያዊ የድጋፍ ቋሚ) ይደገፋል፣ ከዚያ ይነቀላል። እንደ ክንፉ ወይም እንደ በረንዳ ተንጠልጥሎ የወጣ ነገር ጫፉ ወደ ታች ይከብዳል፤ ስለዚህ ላዩ ይወጠራል፣ ሥሩ ይጨመቃል። ኮንክሪት ጭመቃ ይችላል፣ ውጥረት አይችልም። ዋናው ፌሮ ከላይ የሚገባው ለዚህ ነው። ክንፎቹ ደግሞ ከመሃሉ ማማ ግራና ቀኝ ስለሆኑ ይመጣጠናሉ።

አዲስ አበባ አንድ ሳይት ላይ በረንዳ ተሰነጠቀ ተብዬ ተጠርቼ ነበር። ስናስፈለፍለው ፌሮው ከታች ተኝቷል። ፎርማኑ «ከላይ ነበር እኮ ያሰርነው» አለኝ። እውነቱን ነው። ኮንክሪት ሲሞላ ሠራተኛው ሲረማመድበት ወርዶ ነው።

እናንተም በረንዳ የምታስወጡ ከሆነ፣ ከኮንክሪት ሙሌቱ በፊት ራሳችሁ ካሳፎርማው (ኮንክሪቱ የሚሞላበት ቅርጽ) ላይ ውጡ። የላዩን ፌሮ በእግራችሁ ጫን በሉት። ከወረደ፣ ከሥሩ ደግፎ የሚይዝ ብረት ሳይገባ አታስሞሉ። ሙሌት እየተሞላ ሻይ ልጠጣ ብላችሁ አትሂዱ። ፑንቴሎውን ደግሞ መሐንዲሱ ሳይፈቅድ አታስነቅሉ። ሲነቀልም ከጫፍ ተጀምሮ ወደ ግድግዳው ነው።