ስለ ሃንጋሪ ቫዮሊኒስቶች የሚባለውና የዮዤፍ ሲጌቲ እውነተኛ መንገድ

የሃንጋሪ ቫዮሊኒስቶች ስም ሲነሳ ደጋግሜ የምሰማቸው አባባሎች አሉ። ከነሱ አንዱን፣ ዮዤፍ ሲጌቲን፣ በጣም ስለምወደው ዝም ማለት አቃተኝ። በ1892 ቡዳፔስት ተወልዶ በ1973 ስዊዘርላንድ፣ ሉሰርን ውስጥ ያረፈ ሰው ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«ሃንጋሪዎች ቫዮሊን በደማቸው ነው፣ ብዙ መማር አያስፈልጋቸውም»

በፍጹም! ሲጌቲ እናቱ ስትሞት ገና ሕፃን ነበር። አያቶቹ ዘንድ አደገ፣ ቫዮሊንም አጎቱ አስጀመረው፣ ከዚያ ቡዳፔስት የሙዚቃ አካዳሚ፣ የዬኖ ሁባይ ክፍል ገባ። ሁባይን ያስተማረው ታላቁ ቫዮሊኒስት ዮአኪም ነው፣ እሱም የሃንጋሪ ተወላጅ። መምህር ለተማሪ፣ ተማሪ ደግሞ ለቀጣዩ እያስተላለፈ የመጣ ነገር ነው።

«በልጅነቱ መድረክ የወጣ ልጅ ትምህርቱን ጨርሷል»

በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ሲጌቲ በ1905፣ በ13 ዓመቱ፣ በርሊን መድረክ ላይ የባኽን፣ የኧርንስትንና የፓጋኒኒን ድርሰቶች ተጫወተ። ትልቅ ሰው የሚያስጨንቅ ዝግጅት ነው። በቀጣዩ ዓመት የት ነበር? ፍራንክፈርት፣ ሰርከስ ውስጥ፣ ዮሽካ ሱላጊ በሚል የውሸት ስም! እስቲ አስቡት፣ ያን ከባድ ባኽ የተጫወተ ልጅ ለሰርከስ ተመልካች ሲጫወት። በዚያው ዓመት ሁባይ ዮአኪም ዘንድ ወሰደው፣ ዮአኪምም ወዶት እኔ ጋ መጥተህ ጨርስ አለው። ልጁ ግን እምቢ አለ። ለመምህሩ ታማኝ ነበር፣ ደግሞም ዮአኪም ከተማሪዎቹ የራቀ መስሎ ታየው። እውነተኛው ትምህርት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ እንግሊዝ ሄዶ ከፒያኒስቱ ፌሩቺዮ ቡሶኒ ጋር ሲዞር፣ የሚያውቀውን ባኽ እንደ አዲስ ተማረ።

«አንዴ ከተነሱ ወደ ላይ ብቻ ነው»

ሲጌቲ በ1913 ሳንባ ነቀርሳ ይዞት ስዊዘርላንድ፣ ዳቮስ ለሕክምና ገባ። በ1917 ጄኔቫ ኮንሰርቫቶሪ አስተማሪ ሆነ። አሜሪካ መድረክ ላይ የወጣው በ1925 ነው፣ 33 ዓመት ሞልቶት።

«ጥሩ ቫዮሊኒስት ማለት ድምፁ ማር የሆነ ነው»

የሲጌቲን ቅጂ ከፍታችሁ ስሙ። ክርኑን ወደ ጎኑ አስጠግቶ ነበር ደጋኑን የሚስበው፣ የድሮ አያያዝ ነው፣ ድምፁም አንዳንዴ ይሻክራል። ግን እያንዳንዱ ሐረግ የሚናገረው ነገር አለው፤ ለኔ ከማር ይበልጥብኛል። ታላቁ ቤልጂየማዊ ቫዮሊኒስት ኢዛይ ሲጌቲ ባኽን ሲጫወት ሰምቶ ነው ለብቸኛ ቫዮሊን ስድስት ሶናታዎች ለመጻፍ የተነሳው። የመጀመሪያውን ለሲጌቲ አበረከተለት።

«ሶሎ ተጫዋች ስለ ራሱ ብቻ ነው የሚያስበው»

የሃንጋሪው የሙዚቃ ደራሲ ባርቶክ በ1928 አንደኛውን ራፕሶዲ የተባለ የቫዮሊን ድርሰቱን ለሲጌቲ ነው ያበረከተው፣ በ1940 ደግሞ ዋሽንግተን፣ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ ውስጥ አብረው ተጫወቱ። ባርቶክ በዚያው ዓመት አሜሪካ ተሰደደ፣ በኋላም ታመመ፣ ገንዘብም አጠረው። ምጽዋት ደግሞ አይቀበልም። ስለዚህ በ1943 ሲጌቲና ኦርኬስትራ መሪው ፍሪትስ ራይነር የቦስተን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ መሪውን ሰርጌ ኩሴቪትስኪን ሥራ እንዲሰጠው ለመኑት። ኩሴቪትስኪ ራሱ ኒውዮርክ ሆስፒታል ድረስ ሄዶ አዲስ ድርሰት እንዲጽፍለት ጠየቀው። ባርቶክም በዚያው ዓመት «ኮንቸርቶ ለኦርኬስትራ»ን ጽፎ ጨረሰ።